መስኮት የማይከፈትበት ጣቢያ

ጥቅምት 9

እትዬ፣

ከሰው አገር፣ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ እንፋሎት መሀል ሆኜ ሰላም ብያለሁ። አንቺም አባባም ደህና ሁኑልኝ፤ ጣራችሁ አያፍስስባችሁ፣ ባቡሩም በሰዓቱ ይምጣላችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሆቴሉ ትልቅ ነው፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ምንም እንዳታስቢ።

የላክሽው ፎቶ ደረሰኝ። ያነሳችሁ መንገደኛ ቃሉን ጠብቆ፣ አሳጥቦ በፖስታ መላኩ ራሱ ይገርማል። ስንቱ ነው "እልክላችኋለሁ" ብሎ እንደ ጉም የሚጠፋው! አባባ ያንን የጣቢያ ኃላፊ ኮፍያ ዛሬም አላወለቁትም? ጡረታ ወጥተው፣ አንቺ ቦታቸውን ይዘሽ፣ ኮፍያው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ፈገግታቸውንማ አታንሺው። እማማ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። ያ ትልቁ ዝንጀሮ ደግሞ እጁን አባባ መዳፍ ላይ አሳርፎ ሙዙን ሲቀበል፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ሽማግሌ እንጂ አውሬ አይመስልም። "ሻለቃ" ብለው ስም ማውጣታቸውንም ወድጄላቸዋለሁ።

ፎቶውን እዚህ ያላየው የለም። አብሮኝ አንሶላ የሚተኩሰው ልጅ፣ ረጅሙ የምንለው፣ "አባትህ ሰርከስ ነው እንዴ የሚሠሩት?" አለኝ። ኃላፊያችን እንኳ፣ ጥርሱን ማየት ብርቅ የሆነብን ሰውዬ፣ ስቆ ለሚስቱ ሊያሳያት ወስዶት ነበር። አሁን ከመተኮሻው ጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

እኛ ልጆች ሳለን ዝንጀሮ ማለት ገደሉ አናት ላይ የሚንቀሳቀስ ቡናማ ነጥብ ነበር፤ ባቡሩ ሲያፏጭ ድራሻቸው ይጠፋ ነበር። አሁን ሲያፏጭ ነው የሚመጡት? ሌላ ፎቶ ላኪልኝ፤ ከተቻለ ብዙ ሆነው። ለአባባ ሸሚዝ ገዝቻለሁ፣ ሰው ሳገኝ ይደርሳቸዋል።

ጩጬው ወንድምሽ


ኅዳር 12

ወንድሜ፣

እግርህ አይደናቀፍ፣ እጅህ ያሰበውን አይጣ። ደብዳቤህን ትኬት ቆራጩ ከባቡሩ ሳይወርድ "ከጩጬው ነው!" እያለ በመስኮት አቀበለኝ። አባባ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። እዚህ የስልክ ኔትወርክ የሚባል ነገር ስለሌለ ወረቀትህ ሲመጣ አንተ ራስህ የመጣህ ያህል ነው።

ሸሚዙን እግዜር ይስጥልን። ፎቶውን ግን ባትወደው ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ልንገርህ። መስመራችን ባለ አንድ ሐዲድ ስለሆነ፣ የሚወጣው ባቡር የሚወርደውን እስኪያሳልፍ እኛ ጋ ቆሞ እንደሚጠብቅ ታውቃለህ። መንገደኛው ይሞቀዋል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ ሥራ የለውም። ገደሉን ያያል። ዝንጀሮዎቹን ያያል። ከዚያ ዳቦውን ይቆርሳል። ልጆች ይስቃሉ፣ እናቶች "ወርውርለት፣ ለዚያች ልጅ ላዘለችው ወርውርላት" ይላሉ። ክፋት የለበትም። የቸገረኝ ደግሞ ይኸው ክፋት የሌለበት መሆኑ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆንማ ተቆጥቼ በወጣልኝ።

አሁን ባቡሩ ከመታጠፊያው ሳይደርስ መድረኩን ይሞሉታል። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ዕቃ ለማውረድ በሩ ላይ ስትቆም አንዱ ዘሎ ቦርሳዋን ይዞባት ሄደ። ውስጡ የልጇ መድኃኒት ነበረበት። ገደሉ ሥር ፈልገን ፈልገን ያገኘነው የተቀደደውን ቦርሳ ብቻ ነው። ባዶ እጁን መስኮት ላይ ባሳረፈ ሰው ላይ ደግሞ ጥርሳቸውን ማውጣት ጀምረዋል። ሰው ካልሰጣቸው የነጠቃቸው ይመስላቸዋል መሰለኝ።

በየመስኮቱ ሥር እየሄድኩ "እባካችሁ አትስጧቸው፣ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ የምንቀረው እኛ ነን" ብል አንዱ ባለ ሙሉ ልብስ፣ "እትዬ፣ የራሴ ዳቦ እኮ ነው፣ ምነው ቀናሽ?" አለኝ። ፉርጎው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

አባባን ማስቆም አልቻልኩም። "እኔን ያውቀኛል" ነው መልሳቸው። አንተ ብትጽፍላቸው ይሰሙሃል። ፎቶ አልልክልህም። ከተቻለህ ለመስኮቶቻችን የሽቦ ወንፊት መግዣ ላክልኝ።

እህትህ

ልጄ፣ እህትህ ፈሪ ናት። ሻለቃ ሰላም ብሎሃል። ተራውን ጠብቆ ከሰው እጅ የሚቀበል እሱ ብቻ ነው። አባትህ።


ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

ፈጣሪ ከሚያስፈራሽ ነገር ሁሉ ይጠብቅሽ፤ ከዝንጀሮም ጭምር! ስቄ ሞትኩ። ትዝ ይልሻል፣ ድመት እንኳ አልጋ ሥር ከገባች አልተኛም ትይ የነበረው?

አትቆጪኝ። አባባን ይተዉ ብዬ አልጽፍም። ሰባ ምናምን ዓመታቸው ነው፣ ጣቢያው ጭር ያለ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ያውሩ? አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። እኔ እዚህ ነኝ። እኛ የነፈግናቸውን ደስታ ዝንጀሮ ከሰጣቸው ተመስገን ነው። አባባ፣ ይቺን ለእርስዎ ነው የምጽፋት፤ አይስሟት። ለሽቦው ልኬያለሁ፣ ከተረፈ ግን ለሻለቃ ኦቾሎኒ ይግዙለት፣ "ከልጄ ነው" ይበሉት።

የእኔ ውል ተራዝሟል። ዘንድሮ እመጣለሁ ያልኩት ለጊዜው ይቆይ። ሥራ ስለበዛ ነው። የምንተኛው ከማጠቢያው አጠገብ ምድር ቤት ውስጥ ስለሆነ ብርድ የሚባል አናውቅም፤ መስኮት ባይኖረውም ሙቀቱ ይበቃናል።

በቶሎ ጻፊልኝ።

ጩጬው


የካቲት 20

ወንድሜ፣

ጤናህ እኔ የምመኝልህን ያህል ይሁን። ይህ ወረቀት መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም፤ ዝምታዬ እንዳስጨነቀህ ግን አውቃለሁ። ከእኛ በታች ተራራው ተንዶ ድልድዩን ይዞት ወርዷል። ባቡር ካየን ሰነበትን። ከላይኛው ጣቢያ አልፎ አልፎ በሐዲድ ላይ የምትሄድ ትንሽ የጥገና መኪና ዱቄትና ጋዝ ታመጣልናለች። ይህንንም ለሾፌሯ ነው የማስይዘው።

ባቡሩ የቀረ ሰሞን ዝንጀሮዎቹ በሰዓታቸው ከገደሉ ወርደው መድረኩ ላይ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ መታጠፊያው ያያሉ። ትኬት የቆረጡ መንገደኞች ነው የሚመስሉት። አባባና እኔ በመስኮት እያየን ሳቅን። "ዘገየብን ብለው ክስ ሊጽፉብሽ ነው" አሉኝ።

ከዚያ መሳቁ ቀረ። ሥር መቆፈሩን፣ ፍሬ መልቀሙን ትተውታል። ግልገሎቹማ ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ዳቦና ብስኩት ነው። ባቡሩ እንደማይመጣ ሲገባቸው ዳቦ የሚሸትበትን ቤት ፈለጉ። በዚህ ሁሉ ገደል ዳቦ የሚሸተው ቤት ደግሞ አንድ ነው።

የማድቤቱን ቆርቆሮ ገልብጠው ገቡ። ዶሮዎቹ አልቀዋል። የተረፈውን ዱቄት መኝታ ቤት አስገብቼ አልጋውን በሩ ላይ ገፍቼበታለሁ። በላክኸው ገንዘብ የገዛሁት ሽቦ ባይኖር መስኮቶቹን አልፈው ገብተው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በጣታቸው ይፈትሹታል። ጣራው ላይ ሲመላለሱ ግማሹን በአረማመዱ መለየት ጀምሬያለሁ። የውሃው ታንከር መድረኩ ጫፍ ላይ ስለሆነ የድስት ክዳን እየደበደብኩ ሮጬ ቀድቼ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ድምፁን ይፈሩት ነበር። አሁን ለምደውታል።

ለምን አትወጡም ትለኝ ይሆናል። ጣቢያ ከጣቢያ በሚያገናኘው የሐዲዱ ስልክ ላይኛው ጣቢያ ደውዬ ጠይቄያለሁ። "ጣቢያ ባዶውን አይተውም፤ ቆዩ፣ ድልድዩ ሊያልቅ ነው" ይሉኛል። አብሮኝ ጣቢያው ላይ የሚሠራው ሐዲድ ቀያሪ ለፈቃድ እንደወጣ ከድልድዩ ማዶ ቀርቷል። አባባን ብቻቸውን በጥገናዋ መኪና ልላካቸው ብል አይሰሙኝም። እነሱም እኛም አንድ ባቡር ነው የምንጠብቀው፤ ልዩነታችን እኛ ከውስጥ እነሱ ከውጭ መሆናችን ነው።

አባባ ደህና ናቸው። ትንሽ ደክሟቸዋል። ለዚህ ነው ከግርጌ ያልጻፉልህ።

ኦቾሎኒ የሚባል ነገር እንዳትጠቅስልኝ።

እህትህ


መጋቢት 18

እትዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ ፈራሁ። ከለላ ይሁናችሁ። ቀልዴን ሁሉ መልሼ ወስጃለሁ።

"ደህና ናቸው። ትንሽ ደክሟቸዋል።" አንቺ ስትዋሺ ዓረፍተ ነገርሽ ያጥራል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው። አባባ ታመው እንኳ ከግርጌ ሁለት መስመር ሳይጽፉ ቀርተው አያውቁም። ምን ሆነዋል?

እኔም የደበቅሁሽ አለ። ልንገርሽና አንቺም ትነግሪኛለሽ። ውሌን ያራዘምኩት እኔ አይደለሁም፤ ተራዝሟል ተብሎ ተነገረኝ። ፓስፖርቴ ከመጣሁ ጀምሮ በኃላፊው መሳቢያ ተቆልፎ ነው ያለው። የሁላችንም እንደዚያ ነው። ከሥራ በኋላ የምድር ቤቱ በር ከውጭ ይቆለፋል፤ "ለደህንነታችሁ ነው" ይሉናል። ደብዳቤዎቼን እንኳ የሚያስገባልኝ ሳሙና የሚያመጣው ሾፌር ነው። ልሂድ ብዬ ስጠይቅ ኃላፊው፣ "አባት ወይ እናት ካልሞተ ወይ ለሞት ካልደረሰ ማንም አይወጣም" አለኝ። ማስረጃ ከነማኅተሙ ይፈልጋል።

እንግዲህ የምጠይቅሽን አፍሬ ነው የምጠይቅሽ። አባባ አደጋ ደርሶባቸዋል ብለሽ አጽፊልኝ። ከደረጃ ወደቁ በይ፣ መኪና ገጫቸው በይ፣ የመጣልሽን በይ። በገዛ አባቴ ላይ ክፉ ማሟረቴ እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ይህን ግድግዳ ቢያዩት "ጻፉለት" ነው የሚሉሽ። ሌላ መውጫ የለኝም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 6

ወንድሜ፣

ልብህን ጠበቅ ያድርግልህ። አባባ በሕይወት አሉ። ይህን መጀመሪያ ያዝልኝና ተቀምጠህ አንብበው።

የጠየቅኸው ወረቀት አብሮ ታጥፏል። የጤና መኮንን ፈርሞበታል፣ ማኅተምም አለው። ውሸት አጽፌ አይደለም። የዋሸሁት ባለፈው ነው። "ደህና ናቸው" ብዬ ስጽፍልህ አባባ አጠገቤ እጃቸው ተጠቅልሎ ተኝተው ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ውሃ አልቆብን ነበር። ሻለቃ ከጠዋት ጀምሮ በራችን ደፍ ላይ ተቀምጦ አልነሳ ብሏል። ሌሎቹ ጣራው ላይ ናቸው። ክዳኔን ይዤ ልወጣ ስል አባባ ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ፣ አንቺን ያስደነግጥሻል። እኔ ላናግረው።"

"አባባ፣ የሚሰጡት ነገር የለዎትም እኮ!"

"እሱኑ ነው የምነግረው።"

ኮፍያቸውን አድርገው በሩን ከፈቱ። ሻለቃ ሲያያቸው ብድግ ብሎ እንደልማዱ እጁን ዘረጋ። አባባ ጎንበስ ብለው ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው አሳዩት። "የለም፣ ሻለቃ። አየህ? እኛም የለንም። ባቡሩ አልመጣም" አሉት፤ ለጎረቤት እንደሚነገር አድርገው። ዝንጀሮው አንዱን መዳፍ አሸተተ። ሌላውን ያዘና ገልብጦ ጀርባውን አየ። ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ነከሰ።

የእሳቸውን ድምፅ አልሰማሁም፤ የሰማሁት የራሴን ጩኸት ነው። ክዳኑን ፊቱ ላይ ወርውሬ አባባን ከወገባቸው ጎትቼ አስገባኋቸውና በሩን በጀርባዬ ገፍቼ ዘጋሁ። በሩ ከውጭ ሲደበደብ፣ እኔ ደግሞ መሬት ቁጭ ብዬ እጃቸውን በቀሚሴ ስጠቀልል፣ አባባ የሚሉት "አልገባውም፣ አልገባውም" ብቻ ነበር።

ሁለት ጣታቸው የለም። የቀሩትም አይታጠፉም።

በማግሥቱ የጥገናዋ መኪና የጤና መኮንኑን ይዛ መጣች። የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ሰፋቸው። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌም ጀመረላቸው። "ሆስፒታል እንውሰድዎት" ሲላቸው፣ "ልጄን ለዝንጀሮ ትቼ የት ነው የምሄደው?" አሉት። ስለዚህ ለመርፌው ብቻ እየወሰደ ይመልሳቸው ነበር።

ከጤና መኮንኑ ጋር የመጣ ዘብ ነበር፣ ከነጠመንጃው። ትከሻው ላይ የስንቅ ቦርሳ አንጠልጥሏል። መድረኩ ላይ ቆሞ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሌሎቹ ዝንጀሮዎች ተበተኑ። ሻለቃ አልሸሸም። ቦርሳውን አይቶ ወደ ዘቡ መጣ። ቀስ ብሎ፣ እጁን አስቀድሞ። ለእሱ ሰው ማለት ቦርሳ ነው፣ ቦርሳ ማለት ዳቦ ነው። ያንን ከገደሉ አናት ይዞት አልወረደም፤ በየመስኮቱ ያስተማርነው እኛ ነን። ዘቡ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ዞር ብሎ አየኝ።

"እትዬ፣ እጁን ዘርግቶ የሚመጣ አውሬ እንዴት ነው የሚተኮስበት?"

ተኮሰ።

አባባ ከውስጥ "ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ለማስደንገጥ ነው፣ አባባ።"

"አንድ ጥይት ነው የሰማሁት። ለማስደንገጥ ሲሆን ይደጋግሙታል" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ስሙን አላነሱም።

የቀሩት መሪ አጥተው ባሱ እንጂ አልሄዱም። በራችን ላይ ማን ይቀመጥ በሚል ይጣላሉ፤ ግልገል ሳይቀር ይረገጣል። እኛም እንደተዘጋን ነን። አንዳንዴ አባባ ተኝተው፣ እኔ ጣራውን እያዳመጥኩ፣ አንተም ምድር ቤትህ ውስጥ በር ተቆልፎብህ እንደምትተኛ አስባለሁ። ሦስታችንም መቆለፋችንን ሳውቅ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ ልነግርህ አልችልም።

ለምን ደበቅሽኝ እንዳትለኝ። ያንን ፎቶ እንዴት ብለህ እንደሰቀልከው አውቅ ነበር። አባባን እንደዚያ እየሳቁ እንድታያቸው ፈልጌ ነው።

ወረቀቱን አሳየው። ና።

እህትህ


ግንቦት 8

እትዬ፣

ለአባባ እጅ ምሕረቱን ያውርድልን። ደብዳቤሽን መተኮሻ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ስጨርስ ረጅሙ አንሥቶ አነበበው። አንሶላዎቼን የእሱ ላይ ደርቦ ይተኩስልኝ ጀመር።

ወረቀቱን ለኃላፊው ወሰድኩለት። አነበበና ግድግዳው ጋ ጎትቶ ወሰደኝ። ፎቶውን በጣቱ እያሳየ፣ "ይሄ አይደለም እንዴ ጓደኛቸው? ጓደኛቸው ነከሳቸው ነው የምትለኝ? እንደዚህ ያለ ተረት ለሌላ ሰው አውራ!" አለና ሳቀ። እኔ ራሴ አንቺን እንዲህ ነበር የሳቅሁብሽ። ሳቁን ከእሱ ስሰማው ምን እንደሚመስል ገባኝ። ፎቶውን ከግድግዳው ላይ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ኃላፊው "ወደ ሥራህ!" አለኝ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሌላ የምሄድበት የት አለ?

በሳምንቱ ሆቴሉ ትልቅ ስብሰባ ነበረበት። ክፍሉ ሁሉ ተይዟል። ጠዋት ላይ ረጅሙ መተኮሻውን አጥፍቶ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ከጎኑ ያለችው ሴትዮ አጠፋች። ከዚያ ሌላዋ። ማንም ያስተባበረ የለም፤ ደብዳቤሽ ከእጅ እጅ ዞሮ ሁሉም ዘንድ ደርሶ ኖሯል። ማጠቢያው ሲቆም ምድር ቤቱ እንዴት ጸጥ እንደሚል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ኃላፊው እየተንደረደረ ወረደ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ረጅሙ፣ "የልጁን ፓስፖርት" አለው።

"እብድ ናችሁ? አንሶላው!"

"አንሶላው ይደርሳል። ፓስፖርቱን።"

ሰውዬው እኔን አየ፣ የእርጥብ አንሶላውን ክምር አየ፣ ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ተመልሼ ሥራ እንደማልጠይቅ አስፈረመኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ። የእኔ በር ተከፈተ። የእነሱ ግን እንደተዘጋ ነው። ስወጣ ረጅሙ ከነቁመቱ ጎንበስ ብሎ አቅፎኝ፣ "አባትህን ሳምልኝ" ብሎ ብቻ ወደ መተኮሻው ዞረ። ደስ ብሎኝ ልጽፍልሽ አልቻልኩም።

አሁን ወደብ ላይ ያለ ማደሪያ ውስጥ ሆኜ መርከብ እየጠበቅሁ ነው። ድልድዩ አልቆ ከሆነ በባቡሩ እመጣለሁ። አባባ ይቀየሙኛል? ኦቾሎኒ ይግዙለት ያልኩት እኔ ነኝ። ጻፊልኝ፤ ደብዳቤሽ የባሕሩ ማዶ ባቡር ጣቢያ ይጠብቀኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 3

ወንድሜ፣

ባሕሩ ይርጋልህ፣ መንገዱ ይቅናህ። ይህን ስታነብ ወደ እኛ የሚመጣው ባቡር ፊትህ ቆሞ ይሆናል።

አባባ ምንም አልተቀየሙህም። ጠየቅኋቸው። "እሱ ኦቾሎኒ አለ፣ እኔ ሙዝ ሰጠሁ፣ መንገደኛው ዳቦ ወረወረ። ማን ማንን ይቀየማል?" አሉኝ። በግራ እጃቸው ማንኪያ መያዝ ለምደዋል። ደጅ ግን አይወጡም። በሩን ክፍት ሳደርገው "ዝጊው" ይሉኛል። በፊት እኔ ነበርኩ ዝጉ የምል።

ድልድዩ አልቆ ባቡሩ ከተመለሰ ሰነበተ። ፉጨቱ ሲሰማ ከገደሉ እንዴት እንደወረዱ ብታይ! ትኬት ቆራጩና እኔ ተነጋግረን፣ እሱ ባቡሩ ከመድረሱ በፊት በየፉርጎው እየዞረ መስኮት ያዘጋል፣ እኔ ደግሞ እንደቆመ ገብቼ ከዳር እስከ ዳር እሄዳለሁ። መለመን ትቻለሁ። የአባባን እጅ እነግራቸዋለሁ። ሻለቃ እጁን ዘርግቶ ወደ ጠመንጃው እንደሄደ እነግራቸዋለሁ። "ዛሬ የምትሰጡት ዳቦ ነገ እናንተ ሳትኖሩ ከኔ ነው የሚጠየቀው፤ እኔ ስከለክለው ደግሞ ጥይት ይመጣል" እላቸዋለሁ። የሚሰሙኝ አሉ። በሙቀቱ ላብ በላብ ሆነው፣ ልጆቻቸው እያለቀሱባቸው፣ መስኮታቸውን ዘግተው የሚጠብቁ አሉ። እግራቸውን ብስም አይበቃኝም።

የማይሰሙኝም አሉ። ባለፈው አንዲት ወጣት፣ ደግ ፊት ያላት፣ ስትፈራ ስትቸር "አንድ ብስኩት ብቻ" ብላ በመስኮቱ ክፍተት ጣለች። ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ለዚያ አንድ ብስኩት ሲናጠቁ አንዲት ግልገል መንኮራኩሩ ሥር ገባች። ልጅቷ አላየችም፤ ባቡሩ ሄዷል። እናትየዋ መድረኩ ላይ ተሸክማት ዋለች። እኔም ከሽቦው ጀርባ ሆኜ አብሬያት ዋልኩ።

ቁጥራቸው ቀንሷል። አንዳንድ ጠዋት ጥቂቶቹ ከገደሉ ሥር አፈር ሲቆፍሩ አያለሁ፤ ግልገሎቹ ዝም ብለው ያዩዋቸዋል፣ ምን እየፈለጉ እንደሆነ አያውቁትም። ምናልባት ይማሩት ይሆናል። እስኪማሩት ድረስ ግን በራችን ላይ ናቸው። ቶሎ የሚያልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ክዳኔን ይዤ ነው አሁንም ውሃ የምቀዳው።

ስለዚህ የምልህን ስማኝ። ረጅም መንገድ ነው፣ ስንቅ ትይዛለህ። ባቡሩ ከመታጠፊያው ዝግ ሲል መስኮቱን ዝጋ። ስንቅህን ቦርሳህ ውስጥ፣ ቦርሳህን ወንበር ሥር አድርገው። አንዷ ልጇን አዝላ መስታወቱን ትነካው ይሆናል፤ ዓይኗ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ታሳዝንሃለች። እዘንላት፣ ግን አትስጣት። እኔን መድረኩ ላይ ስታየኝ እጅህን አውጥተህ አታውለብልብልኝ፤ ያወጣኸው እጅ ለእነሱ የሚሰጥ እጅ ነው። እኔም አላውለበልብልህም። የማላውቅህ መስዬ እቆማለሁ። ስንት ዓመት ጠብቄህ እንደዚያ መቆሙ እንደሚከብደኝ ታውቃለህ፤ ቢሆንም እቆማለሁ።

ለመውረድ አትቸኩል። ተቀመጥ። ወራጁ ሁሉ ይውረድ። እኔ በመጨረሻው በር ገብቼ፣ እየተጋፋሁ፣ ያለህበት እመጣለሁ። መስኮቱ እንደተዘጋ፣ ሙቀቱ እየገደለን፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ እዚያው ወንበርህ ላይ አቅፌህ ልቤ እስኪደርስ አለቅሳለሁ። ከዚያ በሩን ከፍተን፣ እጃችን ባዶ ሆኖ፣ ሳንሮጥ ወደ አባባ እንሄዳለን።

እህትህ